ካናቢስና ስኪዞፍሬኒያ፦ ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል?

ስለ ካናቢስ ወሬ ሲነሳ ሰው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። አንዱ «አንዴ የቀመሰ አበቃለት፣ ጨርቁን ይጥላል» ይላል። ሌላው «ባክህ ቅጠል እኮ ነው፣ የማውቃቸው ሁሉ ያጨሳሉ፣ አንዱም አላበደም» ብሎ ይስቅበታል። ክርክሩ እዚያው ላይ ይቆማል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ስለያዙ አንዱ ሌላውን ማሳመን አይችልም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ጥያቄው ራሱ ተንሻፏል። «ካናቢስ ያሳብዳል ወይ?» ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። ያጨሰው ማን ነው? በስንት ዓመቱ ጀመረ? በየስንት ጊዜው ያጨሳል? የሚያጨሰውስ ምን ያህል ጠንካራ ነው? እነዚህ ሲቀያየሩ መልሱም አብሮ ይቀያየራል፣ ያውም የሰማይና የምድር ያህል።

መጀመሪያ ስለ በሽታው እንግባባ። ስኪዞፍሬኒያ በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ሰው መኖር አይደለም፤ እሱ የፊልም ወሬ ነው። ስኪዞፍሬኒያ ያለበት ሰው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ሰዎች እያሴሩበት እንደሆነ ቅንጣት ሳይጠራጠር ሊያምን ይችላል። ንግግሩ መያዣ መጨበጫ ሊያጣ ይችላል። ከእውነታ ጋር የሚያለያየው ይህ ሁኔታ ሳይኮሲስ ይባላል። ግን ሰው ብዙም ልብ የማይለው ሌላ ጎንም አለው፦ የፍላጎት መጥፋት፣ ከሰው መራቅ፣ ፊት ላይ ስሜት አለመታየት፣ ነገር ማስታወስና ማሰላሰል መክበድ። ቤተሰብን ለዓመታት የሚያደክመው አብዛኛውን ጊዜ ይሄኛው ነው። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 24 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች፣ ማለትም ከ300 ሰው አንዱ፣ ከዚህ በሽታ ጋር ይኖራሉ። ወንዶችን ብዙ ጊዜ በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ይጀምራቸዋል፣ ሴቶችን ትንሽ ዘግየት ብሎ። ይህን ዕድሜ ያዙልኝ። ሰው ካናቢስ የሚጀምረውም እዚያው አካባቢ ነው፤ ነገሩን ለመፍታት አስቸጋሪ ካደረጉት ነገሮች አንዱም ይኸው መገጣጠም ነው።

አንድ ነገር ደግሞ እንለይ። ሳይኮሲስና ስኪዞፍሬኒያ አንድ አይደሉም። ሳይኮሲስ በከባድ ድባቴ፣ በባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም)፣ በአንዳንድ የአካል ሕመሞች ወይም በእፅ ሊመጣ ይችላል፣ መጥቶም ሊሄድ ይችላል። ስኪዞፍሬኒያ ነው የሚባለው ግን ምልክቶቹ ሲሰነብቱና የሰውየውን ኑሮ ሲያናጉት ነው። «አጨሰና አበደ» ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚወራው ስለ መጀመሪያው ነው።

አሁን ወደ ዕፁ እንምጣ። ካናቢስ ውስጥ ከመቶ በላይ ተመሳሳይ ውሁዶች አሉ፣ ሰውን የሚያጦዘው ግን በዋናነት ቲኤችሲ የሚባለው ነው። እሱን በ1964 ለይተው ያወጡት ራፋኤል ሜሹላምና የኪኤል ጋኦኒ የተባሉ የእስራኤል ሳይንቲስቶች ናቸው (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በ1980ዎቹ መጨረሻ አንጎላችን ውስጥ ቲኤችሲ የሚያርፍበት ተቀባይ እንዳለ ተደረሰበት፤ በ1992 ደግሞ ሰውነታችን ራሱ ለዚያ ተቀባይ የሚሆን ንጥረ ነገር እንደሚያመርት ታወቀ። ይህ የራሳችን ሥርዓት የነርቭ ሴሎችን ንግግር ሲበዛ የሚያበርድ፣ በጥቂቱ፣ በቦታውና በሰዓቱ የሚሠራ ነው። ቲኤችሲ ግን ቦታም ሰዓትም አይመርጥም፣ ያገኘው ተቀባይ ላይ ሁሉ ይሰፍርና ለሰዓታት ይቆያል። ረብሻው ዶፓሚን ወደሚባለው የአንጎል መልእክተኛም ይደርሳል።

ዶፓሚን ስለ ደስታ ብቻ ይመስላችኋል አይደል? አይደለም። ቀይ እስክሪብቶ እንደያዘ አስተማሪ አስቡት፦ በየደቂቃው ከምናየውና ከምንሰማው ስፍር ቁጥር የሌለው ነገር ውስጥ «ይሄ አንተን ይመለከታል» ብሎ ያሰምርበታል። በሳይኮሲስ ጊዜ ማስመሩ ልክ ያጣል። ምንም ያልሆነው ነገር ሁሉ ይሰመርበታል።

ይህ ከውጭ ሲታይ ምን ይመስላል? አንድ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ እናስብ። ከጓደኞቹ ጋር ሲያጨስ መጀመሪያ ላይ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። አሁን ሲያጨስ ዝም ይላል። ጓደኛው ስልኩን ሲነካካ ስለ እሱ የሚጻጻፍ ይመስለዋል። ሲነጋ ይተወዋል፣ «ጦዤ ነው» ብሎ ራሱም ይስቅበታል። ከወራት በኋላ ግን ያ ጥርጣሬ ሳያጨስም መምጣት ይጀምራል። የዜና አንባቢዋ አንገቷን ዘንበል ስታደርግ ለእሱ ምልክት እየሰጠች ነው። ስልኩን በፎጣ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፍበታል። ሌሊት አይተኛም፣ ቀን አይነሳም፣ ትምህርቱን ትቷል። ቤተሰቡ «ጀዝቧል፣ ዕፁ ነው፣ ሲተወው ይተወዋል» ይላል። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው፦ ዕፁ ነው ያመጣበት? በሽታው በመንገድ ላይ ነበር፣ ዕፁ አፋጠነው? ወይስ በሽታው ቀድሞ ገብቶ፣ ልጁ ጭንቀቱን ለማስታገስ ማጨስ አበዛ?

ሦስቱም ይሆናሉ። ለአንድ ሰው የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር ብዙ ጊዜ አይቻልም። ስለ ብዙ ሰው ግን መናገር ይቻላል፣ ጥናት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ነገሩን የጠረጠረው ሰው የዛሬ አይደለም። ዣክ ጆሴፍ ሞሮ የሚባል ፈረንሳዊ የአእምሮ ሐኪም ሀሺሽ ራሱ ላይ ሞክሮ፣ በ1845 ባሳተመው መጽሐፍ ከዕፁ የሚመጣው ሁኔታ ከእብደት ጋር እጅግ እንደሚመሳሰል ጽፏል። ድፍረቱ ይገርማል። ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ በ2004 የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለጤነኛ ፈቃደኛ ሰዎች ንጹሕ ቲኤችሲ በደም ሥር ሰጥተው አዩ። አንዳንዶቹ ተጠራጣሪ ሆኑ፣ ሐሳባቸው ተበታተነ፣ ዙሪያቸው እንግዳ ሆነባቸው። ውጤቱ በሰዓታት ውስጥ ለቀቃቸው። ስለዚህ ቲኤችሲ ለጊዜው ሳይኮሲስን የሚመስል ነገር ማምጣቱ ብዙም አያከራክርም። የሚያከራክረው ዘላቂው በሽታ ነው።

እዚህ ላይ ነው የስዊድን ወታደሮች ጥናት የሚመጣው። በ1969 እና 1970 በስዊድን ለብሔራዊ ውትድርና የተመለመሉ ወንዶች፣ አብዛኞቹ 18 እና 19 ዓመት የሆናቸው፣ ሲገቡ ስለ አስተዳደጋቸው፣ ስለ ጤናቸውና ስለ እፅ አጠቃቀማቸው ቅጽ ሞልተው ነበር። ተመራማሪዎች ከ45,000 የሚበልጡትን ቅጾች ወስደው፣ በኋላ ስኪዞፍሬኒያ ይዟቸው ሆስፒታል የተኙትን ከመዝገብ ፈልገው አመሳከሩ። ውጤቱ በ1987 ወጣ። በሕይወቱ ከ50 ጊዜ በላይ ማጨሱን የጻፈው ወጣት፣ በ15 ዓመት ውስጥ ስኪዞፍሬኒያ የመያዝ ዕድሉ ጭራሽ ካላጨሰው 6 እጥፍ ሆኖ ተገኘ።

ጉድ ነው፣ ግን ቆይ። ያ ልጅ በአስተዳደጉ፣ በትምህርቱና በአእምሮ ጤናው ከሌላው ይለይ እንደሆነስ? እነዚህ ሲታሰቡ ቁጥሩ በጣም ወረደ፣ ግን አልጠፋም። በ2002 ሌሎች ተመራማሪዎች ያንኑ ትውልድ ረዘም ላለ ጊዜ ተከታትለው እንደገና ሲያሰሉት፣ ሌላ እፅ ያልነኩትን ብቻ ለይተው ጭምር፣ ግንኙነቱ እንዳለ ነበር፤ ብዙ ያጨሱት ላይ ሦስት እጥፍ ገደማ። ጥናቱ እንከን የለውም አልልም። ለጦር ሠራዊት በሚሰጥ ቅጽ ላይ ስለ እፅ እውነቱን የሚጽፍ ስንቱ ነው? በዚያ ላይ የተጠየቁት አንዴ ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ ማን እንደቀጠለና ማን እንደተወ አይታወቅም።

ይህን ክፍተት በከፊል የሞላው የኒውዚላንዱ የደኒደን ጥናት ነው። በ1972 እና 1973 የተወለዱ ሺህ ያህል ልጆችን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ እየተከታተለ ነው። በጣም የምወደው ነገር፣ ልጆቹ 11 ዓመት ሲሆናቸው፣ ማናቸውም ማጨስ ሳይጀምሩ፣ ያልተለመደ ድምፅ ይሰሙ ወይም እንግዳ ሐሳብ ይመጣባቸው እንደሆነ ተጠይቀዋል። በኋላ 26 ዓመት ሲሆናቸው፣ በ15 ዓመታቸው ካናቢስ ይጠቀሙ ከነበሩት 10 በመቶ ያህሉ ስኪዞፍሬኒያን የሚመስል ሕመም ታየባቸው፤ ካልተጠቀሙት 3 በመቶ። የ11 ዓመቱ ምልክት ሲታሰብ ልዩነቱ ጠበበ። በ15 ዓመታቸው የጀመሩት ጥቂት ስለነበሩ ቁጥሩን እንደ ድንጋይ አትያዙት። ዕድሜ ለውጥ እንደሚያመጣ ግን ፍንጭ ሰጥቷል፤ በ18 የጀመሩት ላይ የታየው አደጋ በጣም ያነሰ ነበር። የሚገርምም አይደለም። አንጎል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ ግንባታ ላይ ነው፣ የማያስፈልጉ ግንኙነቶችን እየቆረጠ የሚያስፈልጉትን ያጠናክራል፣ ያ የራሳችን ሥርዓት ደግሞ በዚህ ሥራ ውስጥ እጁ አለበት።

ከዚያ ጥንካሬው አለ። እዚህ ላይ «እኛም በወጣትነታችን አጭሰናል» የሚሉ ሰዎች ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል። አሜሪካ ውስጥ በፖሊስ የተያዘ ካናቢስ ሲመረመር፣ የቲኤችሲ መጠኑ በ1995 በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ነበር። በ2014 ወደ 12 በመቶ ደርሷል። ዘይት ወይም ሰም መስሎ የሚሸጠው የተጨመቀው ዓይነት ደግሞ ከ60 በመቶ በላይ ይደርሳል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ነገሩ አንድ አይደለም። በ2019 የታተመ፣ በአውሮፓና በብራዚል 11 ቦታዎች የተሠራ ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይኮሲስ የያዛቸውን 901 ሰዎች ከ1,237 ሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽሯል። በየቀኑ የሚያጨሱት ሰዎች ዕድል ጭራሽ ከማያጨሱት ሦስት እጥፍ ነበር። በየቀኑ ጠንካራውን፣ ማለትም ቲኤችሲው 10 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን የሚያጨሱት ደግሞ ወደ አምስት እጥፍ ተጠጉ። በቤተ ሙከራ የሚሠሩት፣ ስፓይስ ወይም ኬቱ የሚባሉት፣ ጭራሽ ሌላ ዓለም ናቸው። ተቀባዩን ከቲኤችሲ በላይ በኃይል የሚነዱ ኬሚካሎች ስለሆኑ በ«ተፈጥሮ ነው» ክርክር ውስጥ ቦታ የላቸውም።

«ዘር ነው እንጂ ካናቢስ አይደለም» የሚለው የማዶው ወገን ክርክርም አለ፣ ቀላል አይደለም። ስኪዞፍሬኒያ በዘር በእጅጉ የሚወረስ በሽታ ነው። በተመሳሳይ መንትዮች መካከል አንዱ ከታመመ ሌላው የመታመም ዕድሉ ወደ ግማሽ ይጠጋል፤ ወላጅ ወይም ወንድም እህት የታመመበት ሰው ደግሞ ከ10 አንድ ገደማ ነው። በ2018 የወጣ አንድ ትልቅ የዘረመል ጥናት ለስኪዞፍሬኒያ የሚያጋልጠው ዘር ራሱ ሰውን ወደ ካናቢስ እንደሚገፋ የሚያሳይ ምልክት አግኝቷል። ማለትም ቀስቱ ወደ ኋላም ይሄዳል። ሲጋራም አለ፦ ካናቢስ የሚያጨስ ብዙ ሰው ትምባሆም ያጨሳል፣ ትምባሆም ከሳይኮሲስ ጋር ተያይዞ ታይቷል።

ታዲያ እኔ የቱ ጋ ነኝ? በከፊል የዘር ጉዳይ ነው፣ ግን ዘር ብቻ አይደለም ባዮች ጋ። ምክንያቴ መጠኑ ነው። ብዙ ያጨሰው ከትንሹ፣ ጠንካራውን ያጨሰው ከለስላሳው፣ ቀድሞ የጀመረው ዘግይቶ ከጀመረው ይበልጥ ይታመማል። በላዩ ላይ በላብራቶሪ የታየው አለ። በተጨማሪም ካናቢስ የሚጠቀሙ ታማሚዎች ሳይኮሲሱ የሚጀምራቸው ከማይጠቀሙት በአማካይ 2.7 ዓመት ቀድሞ መሆኑን በ2011 በርካታ ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ አሳይቷል። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ትንሽ ይመስላል። ግን በ17 እና በ20 ዓመት መታመም መካከል ትምህርት መጨረስ፣ ሥራ መያዝ፣ ራስን መቻል አለ።

አሁን ሒሳቡን በቅርብ እንየው፣ ምክንያቱም «አምስት እጥፍ» የሚለው ቃል ሰውን ያሳስታል። ጭራሽ የማያጨሱ 1,000 ሰዎች ውሰዱ። በዕድሜያቸው ሙሉ ከነሱ ውስጥ ስኪዞፍሬኒያ የሚይዛቸው 7 ገደማ ናቸው እንበል። አሁን ደግሞ ብዙ የሚያጨሱ 1,000 ሰዎች ውሰዱ፣ ዕድላቸው አራት እጥፍ ነው ብለን። 28 ይሆናሉ። 972ቱ አይታመሙም። ስለዚህ «የማውቃቸው ሁሉ ያጨሳሉ አንዱም አላበደም» ያለው ሰውዬ አልዋሸም፤ ሃያ የሚያጨሱ ጓደኞች ኖረውት አንድም ታማሚ ላያይ ይችላል። ግን ከ7 ወደ 28 የተጨመሩት ሃያ አንድ ሰዎች ሃያ አንድ ቤተሰብ ናቸው።

ይሄ ለተራው ሰው ነው። እናቱ ወይም ወንድሙ የታመመበት ልጅ ግን ሲጀመርም የሚነሳው ከሺህ ሰው ሰባቱ ላይ አይደለም፣ ከሺህ ሰው መቶው ላይ ነው። ለእሱ ምክሬ አጭር ነው፦ አትንካው። በማጨስ ላይ እያለ ጥርጣሬና ድምፅ መጥቶበት የሚያውቅ ሰውም እንዲሁ።

በአገር ደረጃ ሲታይ ደግሞ ሌላ ሥዕል ይመጣል። በዴንማርክ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መዝገብ የተመለከተ የ2023 ጥናት፣ ግንኙነቱ በእርግጥ መንስኤና ውጤት ከሆነ፣ ከ21 እስከ 30 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ ከሚታየው ስኪዞፍሬኒያ እስከ 30 በመቶ የሚደርሰው የካናቢስ ሱስ ባይኖር ሊቀር ይችል እንደነበር ገምቷል። «ከሆነ» የምትለዋን አትዝለሏት። ሱስ የተባለውም በሐኪም የተረጋገጠው ነው፣ በዓመት ሁለቴ በድግስ ላይ የሚቀምሰው ሰው አይደለም።

ከዚያው ከዴንማርክ የወጣ አንድ ሌላ ቁጥር ግን ሁሌም ያስደነግጠኛል። በካናቢስ ምክንያት ሳይኮሲስ ይዟቸው ከታከሙ ሰዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት በኋላ ስኪዞፍሬኒያ ወይም ባይፖላር ተብለዋል (የ2018 ጥናት ነው)። «የዕፁ ነው፣ ለቀቀው፣ አለቀ» ብሎ ወደ ቤት መሄድ እንደማያዋጣ ከዚህ በላይ የሚናገር የለም። አንዴ እንዲህ የሆነ ሰው ቢሻለውም ክትትሉ መቋረጥ የለበትም።

በሽታው አስቀድሞ ላለበት ሰውስ? እዚህ ላይ ማስረጃው ይበልጥ ጠንካራ ነው። ማጨስ የቀጠሉት በሽታው ደጋግሞ ያገረሽባቸዋል፣ ሆስፒታል ይመላለሳሉ፤ አንዱ ምክንያት መድኃኒታቸውን በአግባቡ አለመውሰዳቸው ነው። ደስ የሚለው ዜና፣ ያቆሙት ሰዎች ሁኔታ ጭራሽ አጭሰው ከማያውቁት ታማሚዎች ጋር ይቀራረባል። ግን በሽተኛ ላይ መጮህ አይሠራም። ብዙዎቹ የሚያጨሱት እንቅልፍ አጥተው፣ ሰው ርቋቸው፣ ቀኑ አልመሽ ብሏቸው ነው። ያንን ሳይነኩ «ተው» ማለት ትርፉ ድካም ነው።

«ካናቢስ ውስጥ እኮ መድኃኒት የሚሆንም አለ» የሚሉም አሉ። ካናቢስ ውስጥ ካሉት ውሁዶች አንዱ የሆነውን ሲቢዲ ለማለት ፈልገው ነው። ሲቢዲ አያጦዝም፣ በ2018 በታተመ ሙከራ ደግሞ ከ88 ታማሚዎች ለግማሽ ያህሉ ከመደበኛ መድኃኒታቸው በተጨማሪ ሲሰጥ የተወሰነ መሻሻል ታይቷል። የተሰጠው ግን በቀን 1,000 ሚሊ ግራም፣ ተመርምሮ የተመረተ ሲቢዲ ነው። ገበያ ላይ ያለው ጠንካራ ካናቢስ ውስጥ ሲቢዲ ከነጭራሹ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ያንን ሙከራ ጠቅሶ ማጨስ አያስኬድም።

ምልክት ያያችሁበት ሰው ካለ አትጠብቁ። ከሰው መሸሽ፣ እንቅልፍ መገልበጥ፣ ያለ ምክንያት መጠራጠር፣ ለብቻ ማውራት፣ ትምህርት ወይም ሥራ በድንገት መውደቅ። ሳይኮሲስ ሳይታከም የሚቆይበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር ማገገሙ ይከብዳል፣ «ዕፁን ይተውና እናያለን» እያሉ የሚባክነው ወር ዋጋ አለው። ራሱን ወይም ሌላ ሰውን ስለመጉዳት የሚያወራ ከሆነ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ውሰዱት። በሐሳቡ አትከራከሩት፣ «የዜና አንባቢዋ አታውቅህም» ብላችሁ አታሳምኑትም። እንቅልፍ ማጣቱንና ጭንቀቱን ያዙ፣ ብዙ ጊዜ ሐኪም ጋ ለመሄድ እሺ የሚለው በእሱ በኩል ነው።

ሐኪሙ ሲጠይቅ ደግሞ አትደብቁ። በስንት ዓመቱ ጀመረ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ ቅጠሉን ነው ወይስ የተጨመቀውን፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው፣ ከትምባሆ ጋር ቀላቅሎ ነው ወይ የሚሉት ሁሉ ሕክምናውን ይለውጣሉ። የመጨረሻው ትንሽ ይመስላል፣ ግን የጭስ ነገር አለበት፦ የትምባሆ ጭስ ጉበት ኦላንዛፒንና ክሎዛፒን የተባሉትን የሳይኮሲስ መድኃኒቶች ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ታማሚው ማጨሱን በድንገት ሲያቆም የመድኃኒቱ መጠን ደሙ ውስጥ ከፍ ሊል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ሊለውና ሊያዞረው ይችላል። ስለዚህ ማጨስ መጀመሩን ብቻ ሳይሆን ማቆሙንም ለሐኪሙ ንገሩት፣ መጠኑን እሱ ያስተካክለዋል።